የቤት ቢል በፖስታ ቼክም በኦንላይንም ሲከፍሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የመብራት፣ የውሃ ወይም የኪራይ ክፍያ ዘግይቶ ቅጣት ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የገንዘብ እጥረት አይደለም። ቼኩ ተጽፎ ተልኳል፤ ወይም ስልኩ ላይ «ተከፍሏል» የሚል ምልክት ታይቷል። ገንዘቡ ግን ድርጅቱ ዘንድ ገና አልደረሰም። ሰውን የምታስቀጣው በመላክና በመድረስ መካከል ያለችው ያቺ ክፍተት ናት፤ በቼክም በኦንላይንም አለች።

የመጨረሻውን ቀን የመላኪያ ቀን ማድረግ

ቢሉ ላይ የተጻፈው የመክፈያ ቀን ገንዘቡ ደርሶ የሚመዘገብበት ቀን ነው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከግብር ነው፤ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት (አይ አር ኤስ) የግብር ቅጽ በፖስታ ሲላክለት የፖስታ ቤቱ ማኅተም ያረፈበትን ቀን ይቀበላል። የመብራት ድርጅት ግን ማኅተም አይመለከትም። ስለዚህ ቼክ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀደም ብሎ ይላክ።

በክሬዲት ካርድ በኩል ሕጉ ለከፋዩ ትንሽ ያዝናል። ወርሃዊው የሂሳብ መግለጫ (ስቴትመንቱ) ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት። በፖስታ የተላከ ክፍያ በዕለቱ እስከ 5 ፒኤም ከደረሰ እንደ ዘገየ አይቆጠርም። ቀኑ ፖስታ በማይቀበሉበት እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ደግሞ በማግስቱ የሥራ ቀን የደረሰ ቼክ በሰዓቱ እንደደረሰ ይቆጠራል። ይህ እፎይታ ግን ለፖስታ እንጂ ለኦንላይን አይደለም፤ ድርጅቱ እሑድም በኦንላይን ክፍያ የሚቀበል ከሆነ፣ ሰኞ በኦንላይን የከፈለ ሰው «ትናንት እሑድ ነበር» ብሎ መከራከር አይችልም።

ከባንክ የተላከ ሁሉ በኤሌክትሮኒክስ ይሄዳል ብሎ ማሰብ

ከሁሉም አሳሳቹ ይህ ነው። ባንክዎ ስለ እርስዎ ቢል በሚከፍልበት አገልግሎት (ቢል ፔይ) ላይ የተቀባዩን ስም፣ አድራሻና የገንዘቡን መጠን ሞልተው ሲልኩ ባንኩ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ተቀባዩ ባንኩ በሚሠራበት መረብ ውስጥ ካለ ገንዘቡ በኤሌክትሮኒክስ ይተላለፋል፤ በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት የሥራ ቀን ይበቃዋል። ከሌለ ግን ባንኩ የወረቀት ቼክ አትሞ፣ ፖስታ ውስጥ ከቶ ለተቀባዩ ይልካል። የግል የቤት አከራይ፣ የኮንዶ ማኅበር፣ የትንሽ ከተማ የውሃ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚከፈላቸው በዚህ መንገድ ነው። እርስዎ በስልክዎ ከፈልኩ ብለው ሲተኙ ቼኩ ገና ፖስታ ቤት ወረፋ ላይ ነው። ከቢሉ ተቀድዶ አብሮ የሚላከው ቁራጭም የለውም፤ ስለዚህ የደንበኛ ቁጥሩ ከተሳሳተ ቼኩ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

የትኛው እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። ከመላክዎ በፊት «የሚደርስበት ቀን» የሚለውን ይዩ። አንድ ወይም ሁለት ቀን ካለ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ አምስትና ከዚያ በላይ ካለ ቼክ ነው ብለው ያስቡ። ገንዘቡ ከአካውንትዎ ወጥቷል ማለትም ደርሷል ማለት አይደለም። አንዳንድ ባንክ ገንዘቡን ቼኩን በላከበት ቀን ያወጣል፣ ሌላው ቼኩ ሲመነዘር።

ቤት ሲቀይሩ ደግሞ አዲስ የደንበኛ ቁጥር ሊሰጥዎት ይችላል። ቢል ፔይ ላይ የተቀመጠው አሮጌ ቁጥር ራሱን አይቀይርምና ክፍያዎ ወደ ተዘጋው ሂሳብ ይገባል፤ አዲሱ ቤት ላይ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል። የመክፈያው ቀን ከሦስት ቀን በታች ከቀረው በባንኩ በኩል ሳይሆን በራሱ በድርጅቱ ድረ ገጽ መክፈል ይሻላል።

ቼኩን በአገር ቤት ልማድ መሙላት

ቀኑ ላይ ይጠንቀቁ። አሜሪካ ውስጥ ወር ይቀድማል። እኛ ለምደን ዲሴምበር 3ን 03/12 ብንለው ባንኩ ማርች 12 ብሎ ያነበዋል፤ ያ ማለት የዘጠኝ ወር ገደማ ዕድሜ ያለው ቼክ ነው። ባንክ ከስድስት ወር ያለፈ ቼክ የመክፈል ግዴታ የለበትም። መድኃኒቱ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ነው። ወደፊት ያለ ቀን መጻፍም ቼኩን አያስጠብቅም፤ ለባንኩ አስቀድሞ ካልተነገረው ከቀኑ በፊት ሊመነዝረው ይችላል።

በአሃዝና በፊደል የተጻፈው መጠን ካልተስማማ በሕግ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው። 148 ዶላር ከ60 ሳንቲም ከሆነ መስመሩን ከግራ ጫፍ ጀምረው «ዋን ሀንድረድ ፎርቲ ኤይት ኤንድ 60/100» የሚለውን በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ የቀረውን ባዶ ቦታ እስከ መጨረሻው በመስመር ይዝጉት።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። በእኛ ባህል ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም የላቸውም። ቢሉ በባል ስም ሆኖ ቼኩ የሚስት ከሆነ፣ ክፍያ መዝጋቢው ሁለቱን ስሞች የሚያገናኝበት ምንም ነገር የለውም። ስለዚህ ታች በስተግራ ባለው የማስታወሻ መስመር ላይ የደንበኛ ቁጥሩን ሁልጊዜ ይጻፉ። የቢሉን ቁራጭ አብረው ያስገቡ፣ በስቴፕለር ግን አያያይዙት። አቤቱታ ካለዎትም ከቼኩ ጋር አይላኩት፤ ክፍያ የሚቀበለውና ደብዳቤ የሚያነበው አድራሻ ብዙ ጊዜ ይለያያል።

ቼኩን ለሌባ አመቻችቶ መተው

ሌቦች ከፖስታ ሳጥን ቼክ ሰርቀው የተቀባዩን ስምና መጠኑን እንደ አሴቶን ባለ ኬሚካል ያጥባሉ፤ አሴቶን የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት ነው። ፊርማዎን ሳይነኩ የራሳቸውን ስምና የፈለጉትን መጠን ይጽፋሉ። የ120 ዶላር የጋዝ ቢል በዚህ መንገድ የሺዎች ቼክ ይሆናል። የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር የፋይናንስ ወንጀል ክፍል ፊንሴን በ2023 ፌብሩዋሪ ባንኮችን ያስጠነቀቀው በዚሁ ጉዳይ ነው።

ተራ እስክሪብቶ በቀላሉ ይታጠባል፤ ጥቁር የጄል እስክሪብቶ ወረቀቱ ውስጥ ስለሚሰርግ በጣም ይሻላል። ቼክ ያለበትን ፖስታ የቤትዎ ሳጥን ላይ ቀዩን ባንዲራ አቁመው አይተዉት። መንገድ ዳር ያለው ሰማያዊ ሳጥን ላይ የመጨረሻው የመሰብሰቢያ ሰዓት ተጽፏል፤ ከዚያ በኋላ ከከተቱት እዚያው ያድራል። ፖስታ ቤት ውስጥ ገብቶ መስጠት ከሁሉ ይበልጣል።

ቼኩ ከተመነዘረ በኋላ ደግሞ የባንክዎን አፕ ከፍተው የቼኩን ፎቶ ይዩ። መጠኑ ልክ ሆኖ ስሙ የተቀየረበት ጊዜ አለ፤ መጠኑን ብቻ የሚያይ ሰው አይነቃም። የተሰረቀ ቼክ እንዳይከፈል ካዘዙ ትእዛዙ በአብዛኛው የሚቆየው ስድስት ወር ነው፤ የሚያስተማምነው አካውንቱን መቀየር ነው።

«ፖስታው እስኪደርስ ደሞዝ ይገባል» ማለት

ከ2004 ኦክቶበር ወዲህ ባንኮች በቼኩ ፈንታ ምስሉን እየተላላኩ ነው። ቼክዎን ወደ ኤሌክትሮኒክ ክፍያ የሚቀይሩ ድርጅቶችም አሉ። ስለዚህ ቼኩ በደረሰ ቀን ወይም በማግስቱ ገንዘቡ ሊወጣ ይችላል። ስንቅ የሌለው ቼክ ከተመለሰ ድርጅቱም ባንክዎም ሊያስከፍሉዎት ይችላሉ።

ድረ ገጹን በጉግል ፈልጎ መጀመሪያ የመጣውን መጫን

መጀመሪያ የሚመጣው ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። የድርጅቱን ስም ይዘው ክፍያ የሚቀበሉ፣ ከላይ የአገልግሎት ዋጋ የሚጨምሩና ገንዘቡን ከቀናት በኋላ የሚያደርሱ ሌሎች ገጾች አሉ። አድራሻውን ከወረቀት ቢሉ ላይ አይተው ይጻፉ። «በአንድ ሰዓት ውስጥ መብራት እንቆርጣለን፣ በጊፍት ካርድ ይክፈሉ» የሚል ስልክ ከተደወለ ሌባ ነው፤ ይዝጉት።

ቁጥሩን ከካርድ ላይ መቅዳት

ከቼኪንግ አካውንት ሲከፍሉ የሚጠየቁት የአካውንት ቁጥር እንጂ ዴቢት ካርዱ ላይ ያለው 16 አሃዝ አይደለም። ከቼኩ ግርጌ በስተግራ ያለው ባለ 9 አሃዝ ራውቲንግ ቁጥር (የባንኩ መለያ) ነው፤ በግል ቼክ ላይ ቀጥሎ ያለው የአካውንቱ ነው። ከገንዘብ ማስገቢያ ወረቀት አይቅዱ፤ ራውቲንጉ ሊለይ ይችላል። አንድ አሃዝ ቢሳሳትም ገጹ የማረጋገጫ ቁጥር ሊሰጥዎት ይችላል፤ ክፍያው የሚመለሰው ከቀናት በኋላ ነው።

ኦቶፔይ አስገብቶ መርሳት

ኦቶፔይ፣ ማለትም ቢሉ በየወሩ በራሱ እንዲከፈል ማዘዝ፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ቢል ነው፤ የዚህን ወር በእጅዎ ይክፈሉ። ክሬዲት ካርድ ላይ ሲያስገቡ «ዝቅተኛው ክፍያ» የሚለውን ሳይሆን «የስቴትመንቱ ሙሉ ሂሳብ» የሚለውን ይምረጡ፤ አለበለዚያ ወለዱ በየወሩ ይከማቻል። ለማስቆም ከፈለጉ ለባንኩ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ቀድመው ያሳውቁ። የማያውቁት ገንዘብ ከወጣ ደግሞ ስቴትመንቱ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ያመልክቱ።

ሳይዘጋጁ አዲስ አበባ መሄድ

ለገና ሄደው ጥምቀትን አክብረው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። የአሜሪካ ሲም ካርድ ከስልኩ ከወጣ ባንኩ የሚልከው የመግቢያ ኮድ አይደርስም፤ ባንኩም ከውጭ አገር የመጣ ሙከራ ነው ብሎ ሊዘጋብዎት ይችላል። ከመሄድዎ በፊት ኮዱ በአፕ እንዲመጣ አድርገው እዚያው ቤትዎ ይሞክሩት፤ በእነዚያ ሳምንታት የሚደርሱትን ክፍያዎችም ቀን ሰጥተው ያስይዟቸው። ፖስታ ቤት ደብዳቤዎን የሚያቆይልዎት ቢበዛ 30 ቀን ነው። በ800 የሚጀምሩ ነፃ የስልክ ቁጥሮች ከውጭ ላይሠሩ ስለሚችሉ፣ የባንክዎንና የድርጅቶቹን መደበኛ ቁጥር በፎቶ ይዘው ይሂዱ።