ሌቨር አክሽን ጠመንጃ ኢላማ ሲስት፦ ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ ውስጥ የአጋዘን አደን ሲቃረብ አሮጌ ዊንቸስተር 94 ወይም ማርሊን 336 (በቃታው ዙሪያ ያለው ማንሻ ወርዶ ሲመለስ ጥይት የሚያጎርሱ፣ ሌቨር አክሽን የሚባሉ ጠመንጃዎች) ይዞ ወደ ተኩስ ሜዳ የሚሄደው ብዙ ነው። ቀዳዳዎቹ ወረቀቱ ላይ ሲበታተኑበት "ይሄ ጠመንጃ አብቅቶለታል" ብሎ ለሽያጭ ያወጣዋል። አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ በርሜሉ ጤነኛ ነው። የቀዳዳዎቹን አቀማመጥ በደንብ እዩት፤ ችግሩ የት እንዳለ ይጠቁማችኋል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ጠመንጃውን ባዶ አድርጉ። በርሜሉ ስር ባለው ቱቦ ውስጥ አንዲት ጥይት ልትቀር ትችላለች። ማንሻውን ደጋግማችሁ አውርዳችሁ መልሱ፤ ከዚያ በዓይንም በጣትም አረጋግጡ።

ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተዋል፣ ግን ቦታቸውን ስተዋል?

ይሄ ቀላሉ ነው። የኋላውን ማነጣጠሪያ ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ ግፉት። የምታንቀሳቅሱት የፊቱን ከሆነ ወደ ተቃራኒው ነው።

የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ጥይቶች አንድ ላይ አርፈው ቀሪዎቹ ይሸሻሉ?

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ የሌቨር አክሽን ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። የፊት እንጨቱ፣ የጥይት ቱቦውና እነሱን የሚያስሩት ቀለበቶች በርሜሉ ላይ ተጣብቀዋል። በርሜሉ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ እነሱ ደግሞ ይይዙታል፤ ስለዚህ ወደ አንድ ወገን ይገፋል። እንጨቱን ፍቱትና ውስጡን እዩ። በአንድ ቦታ ብቻ የተወለወለ፣ የሚያብረቀርቅ ምልክት ካለ በርሜሉን የሚጫነው እዚያ ጋ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አንሱለት። ቀለበቶቹንም ከልክ በላይ አታጥብቁ። አጋዘን የሚመታው በቀዝቃዛ በርሜል ስለሆነ ማነጣጠሪያውን የምታስተካክሉትም በርሜሉን እያቀዘቀዛችሁ ይሁን።

ያለ ምንም ሥርዓት ይበታተናል?

የላላ ነገር ፈልጉ። ሰደፉን የያዘውን ቪቴ፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ማሰሪያ፣ የፊት ማነጣጠሪያውን አንድ በአንድ ንኩ። ልኩ የሆነ ካቻቪቴ ያዙ፤ ልኩ ያልሆነ የቪቴውን ራስ ይበላዋል። ሁሉም ጥብቅ ከሆነ የአፈሙዙን ጠርዝ በመብራት መርምሩ። ዊንቸስተር 94ን ከኋላ ለመወልወል ስለማይመች ብዙ ሰው ዘንጉን ከፊት ያስገባል፤ ዘንጉም ጠርዙን ይፍቀዋል። በገመድ ከኋላ ወደ ፊት የሚሳብ መወልወያ ይሻላል። ማርሊን 336 ግን የማንሻው ቪቴ ሲፈታ መዝጊያው ስለሚወጣ ከኋላ በደንብ ይጸዳል። ጠርዙ ከተጎዳ ጠመንጃ ሠሪ አስተካክሎ ይቆርጠዋል።

ጠመንጃውን የምታሳርፉበትን ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር የሚመታበትም ይቀየራል?

በርሜሉን ጠንካራ ነገር ላይ አታሳርፉት። ለስላሳ ከረጢት አድርጉና ከመዝጊያው ቤት ፊት ለፊት ያለውን የእንጨት ክፍል አስደግፉ።

የቀረው ጥይቱ ነው። ጠመንጃችሁ .30-30 የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ ከሆነ ባለ 150ና ባለ 170 ግሬን (የእርሳሱ ክብደት መለኪያ) ጥይቶችን ለየብቻ ሞክሩ፤ አንዱ ጠመንጃ የሚወደውን ሌላው ላይወደው ይችላል። ባለ ሹል ጫፍ ጥይት ግን ቱቦው ውስጥ አታስገቡ። ጫፉ የፊተኛዋ ጥይት ቂጥ ላይ ስለሚያርፍ በእርግጫው ሊያፈነዳት ይችላል። ለዚህ ቱቦ ተብለው የተሠሩት ጫፋቸው ጠፍጣፋ የሆኑት ወይም ለስላሳ የፕላስቲክ ጫፍ ያላቸው ናቸው።