ካርዳን ያለው ሞተር፦ ዘንጉንና ዲፈረንሻሉን እንዴት እንፈትሽ?

ሰንሰለት ሲደርቅ ይጮኻል፣ ሲላላ ደግሞ በዓይን ይታያል። ካርዳን ግን ኃይሉን በሰንሰለት ፈንታ በዘንግ ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርስ ነው፤ ጥርሱም ተሸፍኖ ዘይት ውስጥ ይሠራል። ዘይቱ እየጎደለ ለወራት ዝም ሊል ይችላል። ድምፅ ሲያሰማ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ተበልቷል። ስለዚህ ሳይጮኽ መፈተሽ አለበት።

በሰሜን ሸዋ ካርዳን በብዛት የሚታየው በጭነት ባለ ሦስት እግር ሞተሮች ላይ ነው። ኃይሉ ከካምቢዮ ይወጣል፣ በዘንጉና በክሮቸራው (ዘንጉ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው ባለ መስቀል መገጣጠሚያ) በኩል ወደ ኋላ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የጥርስ ቤት) ይሄዳል፣ ከዚያ ጎማ ይደርሳል። ካርዳን ባላቸው ባለ ሁለት እግር ሞተሮችም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ዲፈረንሻል የላቸውም፣ በቦታው ጎማው ጎን ያለ የጥርስ ቤት አላቸው።

መጀመሪያ ትንሽ ንዱት። በተለይ ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት፣ ውርጭ ያደረበት ዘይት ወፍራም ስለሆነ በደንብ አይፈስም። ሞቅ ሲል ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ የፊት ጎማውን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፉ። ከሥር የምትገቡ ከሆነ በክሪክ ብቻ አትመኑ፤ ጠንካራ ድጋፍ አድርጉበት።

ጭቃውን አጥባችሁ በጨርቅ አድርቁና ዙሪያውን እዩ። ዘይት የነካው ቦታ አቧራ ስለሚይዝ ቶሎ ይለያል። ዘንጉ የሚገባበትንና ጎማው አጠገብ ያለውን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለውን የላስቲክ ቀለበት) በደንብ ተመልከቱ። ፍሬኑ ውስጥ ዘይት ከገባ ግን ሞተሩ ከቦታው አይነሳ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ዘይት የነካው ፍሬን ሰው ይገድላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ላይ ደረስን፦ መተንፈሻው። ዲፈረንሻሉ አናት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ቆብ ያላት ቧንቧ አለች። ጥርሶቹ ሲሠሩ ዘይቱ ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየር ይነፋል፣ የሚወጣውም በዚች ነው። የእነዋሪና የደነባ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ተለጥፎባት ሲደርቅ ትደፈናለች። ያኔ አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ይገፋዋል። ባለቤቱ ፓራኦሊዮ ይቀይራል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲሱም ያፈሳል። ስለዚህ ፓራኦሊዮ ከመግዛታችሁ በፊት ቆቡን በጣት አዙሩት። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፣ በቀጭን ሽቦ ጭቃውን ወደ ውጭ አውጡ። ወደ ውስጥ ግን አትግፉት፤ አፈሩ ጥርስ ላይ ይወድቃል።

ቀጥሎ ክሮቸራው። ካምቢዮውን ዜሮ አድርጉ። በአንድ እጅ ዘንጉን፣ በሌላው የተያያዘበትን ሹካ ይዛችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙ፤ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ። መስቀሉ ላይ የሚነቃነቅ ነገር መኖር የለበትም። በመስቀሉ አራት ጫፎች ላይ ባሉት ቆቦች ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካያችሁ ውስጡ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች ደርቀዋል ማለት ነው፤ ይቀየር። የግራሶ መስጫ ካለው አሮጌው ወጥቶ አዲሱ በአራቱም ቆብ እስኪታይ ድረስ ስጡት። መስጫ የሌለው ዝግ ስለሆነ ግራሶ አይፈልግም፤ ሲበላ ይቀየራል እንጂ አይታደስም። የዘንጉን ቡሎኖችም በዚያው አጥብቁ። ጎማውን አንስታችሁ ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ይታይ።

ዘይት ስትቀይሩ ሁልጊዜ የመሙያውን ቡሎን መጀመሪያ ፍቱ። እሱ እምቢ ብሎ የማፍሰሻውን ቀድማችሁ ከፍታችሁ ከሆነ ሞተሩ ባዶውን ይቆማል። የወጣውን ዘይት በነጭ ዕቃ ተቀበሉትና ተመልከቱ። ጠቆር ማለቱ ችግር የለውም። ወተት እንደገባበት ቡና ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ማግኔት ባለው ቡሎን ላይ ለስላሳ ግራጫ ልጥፍ የተለመደ ነው። በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ብረት ካገኛችሁ ግን ጥርስ ተሰብሯል፤ ዘይት ሞልቶ መቀጠል አይሆንም፣ ይከፈት።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 80ደብሊው-90፣ ጂኤል-5 የሚል የጥርስ ዘይት ነው። የሞተር ዘይት አይተካውም። መጠኑና የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ መመሪያውን ተከተሉ። ባለ ሁለት እግር ላይ ብዙ ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በአብዛኛው ልኩ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ነው። ከዚያ በላይ ከሞላችሁት አረፋ ይሠራል፣ ይግላል፣ በፓራኦሊዮ ይወጣል። ሮንዴላውን (ከቡሎኑ ሥር ያለውን ቀለበት) በአዲስ ቀይሩ። ቤቱ አሉሚኒየም ከሆነ ቡሎኑን በጉልበት አታጥብቁት፤ የቡሎኑ መግቢያ ጥርስ ይበላል።

አነዳድም የጥገናው አካል ነው። ፍሪሲዮን በድንገት መልቀቅ ክሮቸራን ይመታል፤ ጭነት ተጭኖ ዳገት ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ድልድይ የሌለው ወንዝ ስትደርሱ፣ በተለይ ረጅም መንገድ ነድታችሁ ከሆነ፣ ዲፈረንሻሉ ቀዝቀዝ እስኪል ቆሙ። የጋለው ቤት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በመተንፈሻው ይስበዋል። ውሃው መተንፈሻውን ከሸፈነው በማግስቱ የመሙያውን ቡሎን ፍቱና ዘይቱን እዩ፤ ከነጣ ወዲያው ይቀየር።