ጠፍቶም የሚያፈጥ ቴሌቪዥን፦ የሳሎን ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ ሳሎን ማለት ቡና የሚጠጣበት ክፍል ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ረከቦቱ ይቀርባል፣ ጨዋታው ይደራል። ባለ 43 ወይም ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን የሚገባው እዚህ መሃል ነው። ባለፈው ክረምት ቡና የጠራኋቸው አንዲት እናት የእኛን አይተው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠፍቶም ያፈጣል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ያስተካከልኩትን፣ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ፣ እነሆ።

ሲጠፋ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል

ምክንያቱ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ግድግዳው ነው። ብዙዎቻችን ሳሎን ነጭ ወይም ክሬም እንቀባለን። የጠፋ ስክሪን ጥቁር ነው። ዓይን ደግሞ ልዩነቱ ጎልቶ የወጣበት ቦታ ላይ ያርፋል።

መፍትሄው ያቺን አንዷን ግድግዳ ብቻ ጠቆር አድርጎ መቀባት ነው። እኔ አንድ እፍኝ የተቆላ ቡና በወረቀት ጠቅልዬ ቀለም ቤት ሄድኩ። ልጁ ሦስት ጊዜ እየቀላቀለ ከፍሬው ጋር አስተያየው። አሁን ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ከግድግዳው ጋር ይመሳሰላል። ቀለሙ ግን ፕላስቲክ ቀለም ይሁን። የዘይት ቀለም ስለሚያብረቀርቅ አምፖሉንም መስኮቱንም መልሶ ያሳያል። አራቱንም ግድግዳ አታጥቁሩ፤ በክረምት ደመና ክፍሉ ይጨልምባችኋል።

ቤቱ የኪራይ ከሆነና አከራዩ ቀለም ካልፈቀደ፣ ቴሌቪዥኑን ብቻውን አትተዉት። ከጎኑ ሰፌድ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ትንሽ የእንጨት መደርደሪያ ስቀሉ። በመካከላቸው ከ5 እስከ 10 ሳንቲም ሜትር ክፍተት ይበቃል። ቴሌቪዥኑ መሃል ላይ ባይሆን ይሻላል፤ ወደ አንድ ጎን ገፋ ሲል ከብዙ ነገሮች አንዱ ይሆናል።

ስዕል የሚመስል ቴሌቪዥንም አለ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው «ዘ ፍሬም» በማይታይበት ሰዓት ስዕል ያሳያል፣ ዙሪያውም እንደ ፎቶ ፍሬም ነው። ያምራል። ግን ውድ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም ጥቁር ነው። እኔ ገንዘቡን ለአናጺ ብሰጥ እመርጣለሁ።

አንገት ያማል፣ ክፍሉም የተንጋደደ ይመስላል

በጣም ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ በግምት 1 ሜትር ከ10 ሳንቲም ላይ ነው። የስክሪኑ መሃል እዚያ ይዋል። ባለ 43 ኢንቹ ቁመቱ 53 ሳንቲም ገደማ ስለሆነ የታችኛው ጠርዝ 83 ሳንቲም አካባቢ ይውላል። እንደ እኛ ቤት ቡና ስትጠጡ የጅማ በርጩማ ላይ የምትቀመጡ ከሆነ ዓይናችሁ ዝቅ ይላል፤ ቴሌቪዥኑንም ትንሽ ዝቅ አድርጉት።

ግድግዳው አልይዝ አለ

ይሄኛው ላይ ልቆይ፣ አደጋ አለው።

የእኛ ቤት ጭቃ ነው። በድሪል ቀዳን፣ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘውን የፕላስቲክ መሰኪያ) ከተትን፣ ብሎኑን አጠበቅን። ማታ ዜና እያየን አፈር ሲንሸራተት ሰማሁ። ሹሽሽ የሚል ድምፅ። ብድግ ብዬ ቴሌቪዥኑን ከሥሩ በሁለት እጄ ደገፍኩት። የላይኛው ፊሸር ጭዱን ይዞ ከነአፈሩ ወጥቶ ነበር። አንድ ደቂቃ ብዘገይ ወለሉ ላይ ነበር።

ጭቃ ፊሸር አይጨብጥም። ክብደቱን መሸከም ያለበት ውስጡ ያለው ቋሚ እንጨት ነው። ግድግዳውን በጡጫ ቆርቁሩ፤ ድምፁ የሚጠጥርበትን ምልክት አድርጉ፣ በቀጭን ሚስማር አረጋግጡ። ከዚያ ሁለት ቋሚ የሚያገናኝ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ በረጅም ብሎን እሰሩና ማንጠልጠያውን ሳንቃው ላይ ግጠሙ። ሳንቃው ተልጎ ቫርኒሽ ሲቀባ ራሱ ጌጥ ነው። ቋሚው በምስጥ ተበልቶ ከሆነ መስቀሉን ተዉት፤ ቡፌ ላይ አስቀምጡትና ከኋላ በማሰሪያ ያዙት።

ብሎኬትም ሆዱ ባዶ ስለሆነ አጭር ፊሸር ውስጡ ይሽከረከራል። ለብሎኬት መሆኑን ተናግራችሁ ግዙ። ማንጠልጠያ ከመግዛታችሁ በፊትም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያሉትን አራት ቀዳዳዎች ርቀት ለኩ፤ ለምሳሌ 200 በ200 ሚሊሜትር።

ገመዱ ተንጠልጥሏል፣ ሪሲቨሩና ስታብላይዘሩ ተዘርግተዋል

ሶኬቱ ሩቅ ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሶኬት አስወጡ። የቴሌቪዥኑን የራሱን ገመድ ልስን ውስጥ አትቅበሩ። የቀሩት ገመዶች በፕላስቲክ ቦይ ይውረዱ፣ ቦዩም የግድግዳውን ቀለም ይቀባ።

ሪሲቨሩን ቡፌ ውስጥ ስትከቱ ሪሞቱ አልሠራ ይላል። አልተበላሸም፤ ጨረሩ እንጨት አያልፍም። የአንዱን በር ሳንቃ አውጥታችሁ በስስ ጨርቅ ወይም በእንጨት ፍርግርግ ተኩት። ስታብላይዘሩ ስለሚሞቅ ከቡፌው ጀርባ ሰፊ ቀዳዳ ይኑር።

ዳንቴል ማልበስ የምትወዱ፣ ሲጠፋ አልብሱት። ሲበራ ግን ግለጡት፤ በጀርባውና በላዩ ባሉት ቀዳዳዎች ነው የሚተነፍሰው።

ስክሪኑ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ

የእጣንና የከሰል ጭስ ነው። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ ካልለቀቀ በጣም በትንሹ በውሃ አርጥቡት። የመስታወት ማጽጃና አልኮል አይንካው።

እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ፊቱን ወደ ስክሪኑ ያዞራል

ቴሌቪዥኑ ከበሩ ፊት ለፊት ስለተሰቀለና ሶፋው ሁሉ ወደ እሱ ስለተደረደረ ነው። መጀመሪያ የረከቦቱን ቦታ ወስኑ፤ ከቴሌቪዥኑ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቅ። መቀመጫውን በረከቦቱ ዙሪያ ደርድሩ። ቴሌቪዥኑ የጎን ግድግዳ ላይ ይሁን፣ በሚታጠፍ ክንድ። ኳስ ሲኖር ወደ ሶፋው ይዞራል፣ ቡና ሲፈላ ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

ክንድ ከተራው ማንጠልጠያ የበለጠ ግድግዳውን ይስባል። ስለዚህ ጭቃ ቤት ላይ ሳንቃ ሳይታሰር አይሞከርም። ሲገፋ ሲሳብም ብሎኑ ይላላል፤ በየሦስት ወሩ አጥብቁት።