ከጡረታ በኋላ ለረጅም የባሕር ጉዞ የሸራ ጀልባ መግዛት

ወደብ ከደሴ ሩቅ ቢሆንም፣ ጡረታ ወጥቶ ውቅያኖስ ለማቋረጥ የሚመኝ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በእርጋታ ማሰብ መቻሉን እንደ ትልቅ ጥቅም እቆጥረዋለሁ። ለባልና ሚስት ከ10 እስከ 12 ሜትር የሚረዝም ጀልባ ይበቃል።

ያገለገለ የፋይበርግላስ (በሙጫ የተነባበረ የመስታወት ክር) ጀልባ ከውኃ ወጥቶ ሳይመረመር በፍጹም አይግዙ። ገለልተኛ መርማሪ ቀጥረው፣ እርስዎም አብረው ቆመው፣ ገላው በትንሽ መዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ያዳምጡ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ደኅንነቱን ሲጠቁም፣ የታፈነ ድምፅ ግን ንብርብሩ ተላቅቆ ወይም ውኃ ጠጥቶ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ምሰሶውን ወጥረው በያዙት የብረት ገመዶች ላይ ጣትዎን ሳይሆን ጨርቅ ያሳልፉ፤ የተበጠሰች አንዲት ቀጭን ሽቦ ብትኖር ጨርቁን ትይዛለች። ገመዶቹ ከ10 እስከ 15 ዓመት ካገለገሉ መለወጣቸው ስለማይቀር፣ ወጪውን ይዘው በዋጋው ይደራደሩ።

የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚያበቃው በኅዳር 21 ገደማ በመሆኑ፣ በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ አቅራቢያ ካሉት የካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን የሚሻገሩ ብዙዎች ከኅዳር ጀምሮ ይነሳሉ፤ ጉዞውም ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

እስከዚያው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚገኘው ሐይቅ ወርደው፣ ነፋስ ሲመጣ የውኃው ገጽ አስቀድሞ የሚጠቁርበትን ሁኔታ ማየት ይልመዱ።