ጢያ፣ አዳዲ ማርያምና መልካ ቁንጡሬ በአንድ ቅዳሜ፦ ልጆች ይዞ ለሚሄድ

የጢያ ትክል ድንጋዮች፣ ከአለት የተፈለፈለችው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የጥንት ሰው ዱካ የተገኘበት መልካ ቁንጡሬ ሦስቱም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በቡታጅራ መንገድ ላይና አጠገቡ ይገኛሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቅርቡን መልካ ቁንጡሬን አስቀድሞ ጢያን ለመጨረሻ ያቆየዋል። እንዲህ ከሆነ ጢያ የሚደረሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ምስል ደግሞ የጎን ብርሃን ጥላ ካልሠራለት ጎልቶ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ ሩቁ ጋ ድረሱና ሌሎቹን ስትመለሱ እዩ።

ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ይመረጣል። ቅዳሴ ቢኖር እንኳ ጠዋት ስለሚያልቅ አዳዲ ስትደርሱ ቤተ ክርስቲያኑን ረጋ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ የሥራ ቀናት ግን ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያም በኋላ ስለሚገፋ፣ ሰዓቱን ሳያውቁ መሄድ ደጅ ላይ ያስቆማል። ወር በገባ በ21፣ በማርያም ዕለትም፣ ለመሳለም ካልሆነ ለጉብኝት አትሂዱ። ከወቅት ደግሞ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለውን የሚያህል የለም፤ ማሳው አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባም መንገድ ዳር አለ። ሐምሌና ነሐሴ የአዳዲ መንገድ ጭቃ ይሆናል።

ዋዜማውን ነዳጅ ሙሉ። የስኮርታውን ንፋስ አስለኩ፤ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኪናው ውስጥ መኖራቸውንም በዓይናችሁ አረጋግጡ። ለሰው ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ። ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚና ለመኪና ጠባቂ ዝርዝር ብር አስፈላጊ ነው፤ መታወቂያም አትርሱ። ለምሳ ፍርፍር፣ ቅቅል እንቁላልና ዳቦ ይበቃል። ወጥ አትጫኑ፣ ኮረኮንቹ ላይ ይደፋል። በተጨማሪ ለእናቶችና ለልጃገረዶች ነጠላ፣ ለሁሉም ንጹሕ ካልሲ፣ አንድ የእጅ ባትሪም ያስፈልጋል። ማታውኑ እዚያ ወዳለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

ከሌሊቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። በጅማ መንገድ አለም ገና ስትደርሱ የቡታጅራው መታጠፊያ በግራ ነው፤ ቀጥ ካላችሁ ሰበታ ትገባላችሁ። ከዚያ ለመንን አልፋችሁ፣ መልካ አዋሽ ላይ የአዋሽን ድልድይ ተሻግራችሁ ጢያ ትደርሳላችሁ። ርቀቱ ከ85 እስከ 90 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በየከተማው መግቢያ ፍጥነት ቀንሱ፤ ጋሪና አህያ ሳይታሰብ መንገድ ያቋርጣል።

ጢያ በሶዶ ጉራጌ ምድር ነው። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሕዝቡ «የግራኝ ድንጋይ» ሲለው ኖሯል፤ ቁፋሮው ግን ከግራኝ ዘመን ቀድሞ የቆመ የመቃብር ስፍራ መሆኑን አሳይቷል። ልጆቹን በየድንጋዩ ላይ ያለውን ጎራዴ አስቆጥሯቸው። ቁጥሩ ከድንጋይ ድንጋይ ይለያያል፣ እነሱም ሳይሰለቹ ሁሉንም ያዳርሳሉ። መቃብር መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ አይወጣበትም፣ አይደገፉትም። አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ቡታጅራ ድረስ ለክትፎ መዝለቅ ያጓጓል፤ ከልጆች ጋር ግን ቀኑን ይበላዋል፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ስትመለሱ ድልድዩ ሳይደርስ ወደ ግራ የሚገነጠለው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዳዲ ያገባል። አዳዲ ማርያም ከአንድ አለት ወደ ታች የተፈለፈለች ናት፤ ትውፊቱ ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። ጣሪያዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ስለሆነ ከሩቅ አትታይም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፦ ዙሪያዋን የተቆፈረው ጉድጓድ ጠርዙ ድንገት ይመጣል፣ ሣርም ይሸፍነዋል። ከመኪና ሲወርዱ የትንንሾቹን እጅ ያዙ። ጫማ ደጁ ላይ ይወልቃል፤ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ባትሪውን ወደ ወለሉ አብሩ። ፎቶ ከማንሳት በፊት ካህኑን አስፈቅዱ።

ምሳ ከበላችሁ በኋላ፣ በ7 ሰዓት ግድም፣ መልካ ቁንጡሬ ግቡ። ሙዚየሙ በጎጆ ቤቶች ስለተሠራ በፀሐዩ ሰዓት ጥላ ታገኛላችሁ። ቦታው በ1963 እ.ኤ.አ. ሆላንዳዊው ጄራርድ ዴከር ያገኘው ሲሆን፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ባልጭትን ጨምሮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ባልጭት በዚያው አቅራቢያ ያለ፣ ባልጩት የሚባለው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ መገኛ ነው፤ የጥንት ሰዎች ስለታም መሣሪያቸውን የሠሩት ከእሱ ነው። ለልጆች የሚነገረው ትልቁ ነገር ግን የእግር ዱካው ነው፦ ጎምቦሬ በሚባለው ስፍራ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ዱካ ተገኝቷል፤ ከዱካዎቹ መካከል ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን የረገጠው አለበት። ይህን ሰምቶ የራሱን እግር የማያይ ልጅ የለም።

ግቢው ውስጥ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ ካዩ እንዳያነሱ ተቆጣጠሩ። እጅ ይቆርጣል፤ ከቦታው የተነሳ መሣሪያም ለተመራማሪ ትርጉሙን ያጣል። የተከፈተ ጫማ ለዚህ ቦታ አይሆንም። አዋሽ ወንዝ ዳር ቁሙ እንጂ አትግቡ፣ ልጆችም ውሃውን እንዳይጠጡ።

በ9 ሰዓት ከተነሳችሁ ከመምሸቱ በፊት አለም ገና ትደርሳላችሁ። ከዚያ ካለፈ ከገበያ የሚመለሰው ሕዝብና መብራት የሌለው ጋሪ በጨለማ ይገጥማችኋል።