የአበባ ሻይ አይፈላም

ችግሩ ከአፋችን ይጀምራል። እኛ ሻይ እናፈላለን። «ሻይ አፍላ» እንላለን፣ «ሻዩ ፈላ ወይ?» እንላለን፣ ሌላ ቃል የለንም። ለኛ ሻይ ትክክል ነው፤ የዉሽዉሽ ቅጠል ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር ማንቆርቆሪያ ውስጥ ካልተንተከተከ አይጥምም። የቻይና የአበባ ሻይን ግን በዚህ መንገድ ከሄዳችሁበት አለቀለት። ሄጄበት ስለማውቅ ነው የምነግራችሁ።

የአክስቴ ልጅ ለንግድ ጓንጁ ደርሶ ሲመለስ አንድ ቆርቆሮ የጃስሚን ሻይ ይዞልኝ መጣ። እሑድ ከሰዓት ነበር፣ ከሰሉ ተቀጣጥሏል፣ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ አረፍ ብላለች። ሁለት ጭብጥ ቅጠል ማንቆርቆሪያው ውስጥ ዶልኩ። ባዶውን እንዳይሆን ብዬም ቅርንፉድ ጣል አደረግኩበት። ሩብ ሰዓት ያህል ተንተከተከ። እናቴ አንዴ ፉት አለችና ብርጭቆውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ምነው ልጄ፣ ዕቃውን ሳሙናው ሳይለቀለቅ ነው እንዴ ያመጣኸው?»

አልተሳሳተችም። መራራ፣ አፍ የሚያስር፣ ከኋላው ሽቶ ሽቶ የሚል ነገር ነበር የወጣኝ። ቆርቆሮውን ሲከፍቱት ቤቱን የሚሞላው መዓዛ የት እንደገባ እንጃ። በኋላ ነው አሠራሩን ያነበብኩት፤ ያን ሳውቅ አፈላሉም (ይኸው ደግሞ «አፈላሉ» አልኩ) ወዲያው ገባኝ።

ብዙ ሰው የአበባ ሻይ ማለት ቅጠልና አበባ የተደባለቀበት ይመስለዋል። የጃስሚኑ እንደዚያ አይደለም። ሻይ ቅጠሉ፣ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ሻይ፣ በእነሱ ፀደይ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ተለቅሞ ይደርቅና ይቀመጣል። አበባውን ይጠብቃል። አበባው የሚመጣው እኛ ክረምት ስንገባ፣ እነሱ ደግሞ በሙቀት ሲነዱ ነው። ለቃሚዎቹ በፀሐይ፣ ከቀትር በኋላ ይወጡና የዚያን ቀን ማታ የሚፈነዳውን እንቡጥ ብቻ እየመረጡ ይለቅማሉ። የተከፈተ አበባ አይፈልጉም፣ ሽታውን ጨርሷል። ሲመሽ እንቡጡ መፈንዳት ይጀምራል፣ መዓዛውንም የሚለቀው ያኔ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ቅጠልና አበባ አንድ ላይ ተነባብሮ ያድራል። ክምሩ እየሞቀ ስለሚሄድ መሀል ላይ ይበትኑትና አቀዝቅዘው እንደገና ይሰበስቡታል። ሲነጋ አበባው ተነፍቶ ይወጣል። ከአበባው እርጥበት የጠጣው ቅጠል ይደርቃል። ከዚያ በአዲስ አበባ እንደገና። ለደህናው ሻይ ይሄ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ጊዜ ይደጋገማል።

ለእናቴ ይሄን ስነግራት ሳልጨርስ ነው ያቋረጠችኝ። «ጋን ማጠን ነው በለኛ!» አለች።

እኔ እንዲህ ጥሩ አድርጌ አልገልጸውም ነበር። የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን ወይራው ጠላው ውስጥ አይገባም። ጭሱ ጋኑን ይይዘዋል፣ ጋኑ ደግሞ ለጠላው ያቀብላል። እዚህም አበባው ይወጣል፣ ሽታው ቅጠሉ ላይ ይቀራል። በወይራ የታጠነ ጋን ላይ የፈላ ውሃ እያንተከተካችሁ ብታሳድሩበት ምን ይተርፈዋል? ማንቆርቆሪያ ላይ ያደረግኩት እሱን ነው።

የዚህ ሙያ ዋና አገሩ ፉዡ ነው፣ ፉጂየን ክፍለ ሀገር ውስጥ። አሁን ግን ከሁሉ በላይ የጃስሚን አበባ የሚመረተው ጓንግሺ ውስጥ ሄንግዡ የሚባል ቦታ ነው። ለጎንደሬ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ የቻይና የሻይ አዘገጃጀት ባህል በ2022 በዩኔስኮ ሲመዘገብ የገባው ጥምቀታችን በ2019 የገባበት ዝርዝር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ማንቆርቆሪያችን።

ከሁሉ በፊት ውሃው። እዚህ ጎንደር ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ጀሪካን ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቀመጥም ታውቃላችሁ። ለበርበሬ ወጥ ግድ የለም። ጃስሚን ግን የጀሪካን ሽታ ያለበት ውሃ ላይ ከጣላችሁት የምትጠጡት ጀሪካኑን ነው። ቧንቧው በመጣ ቀን የተቀዳ፣ ብርጭቆ ወይም ብረት ዕቃ ውስጥ ተከፍቶ ያደረ ውሃ ይበቃል። ክሎሪኑም እስከዚያ ይቀንሳል። እንግዳ ካለባችሁ አንድ ሃይላንድ ግዙና ገላግሉት።

ቀጥሎ ሙቀቱ። የቻይናው ማሸጊያ ላይ ብዙ ጊዜ 80 ወይም 85 ዲግሪ የሚል ቁጥር አለ። «ውሃው ከፈላ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቁ» የሚል ምክርም ትሰማላችሁ። ይህን እንዳለ አትውሰዱት። ፉዡ ባሕር ጠረፍ ላይ ናት፣ እዚያ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቱንም ያህል ከሰል ብትጨምሩ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ግማሹን መንገድ ተራራው ጨርሶልናል። ውሃው ፈላ፣ አወረዳችሁት፣ ወደ ሌላ ቀዝቃዛ ጆግ ገለበጣችሁት፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆያችሁ፣ በቃ። ቴርሞሜትር የለኝም፣ አልገዛምም። አምስት ደቂቃ ሙሉ ከጠበቃችሁ ግን ለብ ያለ ውሃ ላይ ቅጠል ይንሳፈፍባችኋል እንጂ መዓዛው አይወጣም።

መጠኑ ቁጠባ ይወዳል። ለአንድ ትልቅ ኩባያ፣ 200 ሚሊ ሊትር ለሚሆን ውሃ፣ 3 ግራም ገደማ በቂ ነው። ሚዛን ለሌለው አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ፤ ቅጠሉ ፈካ ያለና ሰፋፊ ከሆነ ሁለት። እንደ ዶቃ የተጠቀለለ እንክብል ከሆነ ሰባት ስምንት ፍሬ ይበቃል። መጀመሪያ ስታዩት ያንሳችኋል። አትጨምሩ። ውሃ ሲነካው እየተተረተረ ኩባያውን እስኪሞላ ታገሡት። እንዲያውም ይሄን በብርጭቆ አድርጋችሁ እዩት፤ እያንዳንዷ እንክብል ከታች ቁጭ ብላ ቆይታ ቀስ እያለች ትከፈታለች፣ ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ ሆና ትቆማለች። እናቴ ጣሳ ሙሉ ቡና እየቆላች ዐይኗን ብርጭቆው ላይ ጥላ አሳረረችው፣ እሱም በኔ ተሳበበ።

ኩባያው ክዳን ያለው ቢሆን ይመረጣል። ቻይናዎቹ ጋይዋን የሚሉት ማስቀመጫ፣ ሲኒና ክዳን ያለው ዕቃ አላቸው። ከሌላችሁ ኩባያውን በስኒ ማስቀመጫ ግጠሙት፣ ያው ነው። ክዳኑ የሚያስፈልገው ሽታው ስለሚያመልጥ ነው። ሁለት ደቂቃ ሲሆነው ክዳኑን አንስታችሁ ውስጡን አሽትቱት፤ ጥሩ ጃስሚን መሆኑ እዚያ ላይ ነው የሚታወቀው። የቡና ጀበና ላይ ግን እንዳትሞክሩት። ሸክላ ስንት ዓመት የጠጣውን ቡና ይመልስበታል።

ውሃውን ካፈሰሳችሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ አጥልሉት ወይም ጠጡት። ኩባያው ውስጥ ቅጠሉን ትታችሁ የምትጠጡ ከሆነ ሁሉንም አትጨርሱት፣ ሲሶው ሲቀር ውሃ ጨምሩበት፤ ቅጠሉ ውሃው ውስጥ ሲቆይ ይመራል፣ አዲሱ ውሃ ያለዝበዋል። ቅጠሉን ደግሞ አትድፉት። እንደ ቡናችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው። ልዩነቱ ቡና እየቀጠነ ይሄዳል፣ ይሄ ግን ብዙ ጊዜ የሚጥመው ቶናው ነው፤ ቅጠሉ ያኔ ነው በደንብ የሚፈታው። ለሁለተኛው ሁለት ደቂቃ፣ ለሦስተኛው አራት አምስት ስጡት።

በዚሁ የውሸቱንም ትለያላችሁ። ሽቶ የተረጨበት ሻይ ገና ማሸጊያው ሲቀደድ አፍንጫ ይመታል፣ ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ ቶናው ላይ ግን ባዶ ውሃ ነው። በአበባ ያደረው ደረቁን ስታሸቱት ረጋ ያለ ነው፣ በረካው ላይም ሽታው አለ። አበባ በብዛት አይታችሁ አትሸወዱ። ሌሊቱን መዓዛውን ጨርሶ የደረቀው አበባ ምንም የለውም፣ አንዳንዱ ነጋዴ ለዐይን ብሎ ይመልሰዋል። ሲቹዋን ውስጥ ለማማሩ ብለው ሆን ብለው ነጫጭ አበባ የሚተዉበት ደህና ሻይ አለ፣ ስለዚህ አበባ አለው ማለት መጥፎ ነው ማለትም አይደለም። ዋናው ፈተና ቶናው ነው።

ስኳር? የራሳችሁ ጉዳይ። መጀመሪያ ባዶውን ቅመሱት ብቻ። እናቴ ሁለት ማንኪያ ትጨምራለች፣ ከሷ ጋር የሚከራከር የለም። ወተት ግን አይሆንም። ለጾም ደግሞ ይሄ ሻይ የተፈጠረ ነው።

ጃስሚን ካልተመቻችሁ ሌሎች አሉ። ኦስማንተስ የምትባል ጥቃቅን፣ ወርቃማ አበባ አለች፤ ጉዪሊን የሚባለው ከተማ ስሙ ራሱ የኦስማንተስ ጫካ ማለት ነው። ሽታዋ ወደ ኮክ የሚሄድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኡሎንግ ከሚባለው፣ በአረንጓዴና በጥቁር ሻይ መሀል ካለው ሻይ ጋር ስለምትመጣ ማቀዝቀዝ አያስፈልጋትም፣ እኛ አገር የፈላውን ውሃ እንዳወረዳችሁ አፍስሱባት። ጽጌረዳ ያለበት ጥቁር ሻይም እንዲሁ ነው፣ እሱ ለኛ ምላስ በጣም ይቀርባል፤ ለአማቶቻችሁ መጀመሪያ የምታቀርቡት እሱን ይሁን። ክሪዛንተመም ደግሞ ብቻውን የሚነከር ደረቅ አበባ ነው፣ ሻይ ቅጠል ከሌለበት ካፌይንም የለውም፤ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ማታ ይጠጣዋል። ስድስት ሰባት አበባ፣ የፈላ ውሃ፣ አምስት ደቂቃ። አደራችሁን፣ ጃስሚንን ግን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አትጠጡ። አረንጓዴ ሻይ ነው፣ ካፌይን አለበት፣ ኮርኒስ ስትቆጥሩ ታድራላችሁ።

አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይመጣብኛል፦ «የኛስ ጠምበለል? እሱም የጃስሚን ዘመድ አይደል?» ዘመድስ ዘመድ ነው። ግን ዘመድ ሁሉ አይጠጣም። ከአጥር ላይ የቆረጣችሁትን አበባ ሻይ ውስጥ አትክተቱ። በአትክልት ቦታ «ጃስሚን» እየተባሉ የሚጠሩ፣ ጃስሚን ያልሆኑና መርዛማ የሆኑም አሉ፣ መድኃኒት የተረጨበትም አለ።

መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲብስ እሳትም ላያስፈልግ ይችላል። አንድ ሊትር ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጃስሚን ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ ማታ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት አጥልሉት። ቀዝቃዛ ውሃ ምሬቱን እምብዛም ስለማያወጣው ልጆች ሳይቀሩ ይጠጡታል፣ ለልጆች ትንሽ ብቻ።

የቀረው አቀማመጡ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ሁለተኛ የከሰርኩት። ማፍላቱን ከተማርኩ በኋላ ቆርቆሮውን ጓዳ፣ ከእናቴ በርበሬና ከኮረሪማው ጎን አስቀመጥኩት፣ ክዳኑ ደግሞ ላላ ያለ ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ብከፍተው ጃስሚኑ ሽሮ ሽሮ ይላል። የሌሊት አበባ የጠጣ ቅጠል የጓዳውንም ይጠጣል፣ ምን ይታዘንበታል! ያንን ሻይ ማንም አልጠጣውም፣ ለዶሮዎቹ ጉዝጓዝ ሆነ። እናንተ ጥብቅ ያለ ቆርቆሮ ፈልጉ፣ ብርሃን ከማያገኘው፣ ከቅመምም ከዕጣንም ከራቀ ቦታ አኑሩት፣ ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ወር ውስጥ ጨርሱት። የኔ አሁን መኝታ ቤት ነው ያለው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከሹራቦቹ በታች። ሹራቦቹ ደግሞ ጃስሚን ጃስሚን ማለት ጀምረዋል፣ ስለዚህ የዚህኛውም ክዳን ሳይላላ አልቀረም።