አዲስ ክላሲካል ሙዚቃ ስንሰማ የሚያሳስቱን ነገሮች

ክላሲካል ሙዚቃ ሲባል ብዙ ሰው ሞዛርትንና ቤትሆቨንን ይጠራና እዚያው ይቆማል። ትልቁ ስህተት ይኼ ይመስለኛል። የደቡብ ኮሪያዋ ኡንሱክ ቺንና የአይስላንዷ አና ቶርቫልድስዶቲር በዚህ በእኛ ዘመን ክላሲካል ሙዚቃ የሚጽፉ ደራሲዎች ናቸው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ሌላው ስህተት አንድ ሥራ ሰምቶ በደራሲው ላይ መፍረድ ነው። የኢስቶኒያውን አርቮ ፔርትን እንይ። በ1968 በቀረበው «ክሬዶ» ውስጥ የጥንቱ ጀርመናዊ ደራሲ የባክ ሙዚቃ በኦርኬስትራ ጩኸት ይዋጣል። ከዚያ ፔርት ለዓመታት ብዙም ሳይጽፍ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያጠና ቆየ። በ1976 ብቅ ሲል ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። የ1978ቱን «ሽፒገል ኢም ሽፒገል» ስሙት። ፒያኖው ሦስት ሦስት ኖታ እያንከባለለ ይሄዳል። ቫዮሊኑ በዝግታ ወደ አንድ ኖታ ይመለሳል፤ ሐረጉም እየቆየ በአንድ በአንድ ኖታ ይረዝማል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር እንዲህ ልብ መያዙ ሁሌም ይገርመኛል። «ክሬዶ»ን ብቻ ሰምቶ የተወ ሰው ይኼ ሁሉ ያመልጠዋል።

ዜማ ፍለጋም በከንቱ ያደክማል። የሃንጋሪ ተወላጁ ደራሲ የሊጌቲ «አትሞስፌር» (1961) የሚያንጎራጉሩት ዜማ የለውም፤ በእግር የሚመቱት ምትም የለውም። የሚሰማው የድምፁ ቀለምና ውፍረት ነው። አንድ ቦታ ላይ ፒኮሎዎቹ (ትንንሾቹ ዋሽንቶች) ጆሮ እስኪበሱ ወደ ላይ ይወጡና ድንገት ይቆማሉ፤ ወዲያው ከታች ኮንትራባሶቹ (ወፍራም ድምፅ ያላቸው ትልልቅ ባለ አውታር መሣሪያዎች) ይገባሉ። ይህን በስልክ ስፒከር መስማት ራሱ ስህተት ነው። ትንሿ ስፒከር ያንን ወፍራም ድምፅ አታወጣውም፤ ደህና ኢርፎን ያስፈልጋል።

ርዕስ አይቶ ታሪክ መፈለግም ያሳስታል። ፖላንዳዊው ፔንደሬትስኪ ለ52 ባለ አውታር መሣሪያዎች የጻፈውን ሥራ መጀመሪያ የሰየመው በርዝመቱ ነበር፤ 8 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ። ለሂሮሺማ ሰለባዎች ሙሾ የተባለው ኋላ ነው።

አውሮፓና አሜሪካ ላይ ብቻ መቅረትስ? ጃፓናዊው ታኬሚትሱ በ1967 በ«ኖቬምበር ስቴፕስ» ቢዋ (ባለ አውታር) እና ሻኩሃቺ (የቀርከሃ ዋሽንት) የተባሉ የአገሩን መሣሪያዎች ከኦርኬስትራ ጋር ፊት ለፊት አገናኛቸው። ግድ ይዋሃዱ አላለም፤ ልዩነታቸው እንዲሰማ ነው የፈለገው። ቻይናዊው ታን ዱን ደግሞ በ1998 ውሃን ራሱን መሣሪያ አድርጎ ኮንሰርቶ (አንድ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ጋር ጎልቶ የሚጫወትበት ሥራ) ጻፈለት። ተጫዋቹ በጎድጓዳ ዕቃ ያለውን ውሃ በእጁ እየመታ ይጫወታል።

«ብዙ ሰው ከወደደው ጥልቀት የለውም» የሚሉም አሉ። አልስማማም። የፖላንዳዊው ጎሬትስኪ ሦስተኛ ሲምፎኒ፣ በ1992 የወጣው ቅጂ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በሁለተኛው ክፍል የሚዘመረው አንዲት የ18 ዓመት ልጅ በጌስታፖ (የናዚዎች ምስጢራዊ ፖሊስ) እስር ቤት ግድግዳ ላይ የጫረችው ጸሎት ነው።

እየዘለሉ መስማትም አለ። የአሜሪካዊው ስቲቭ ራይክ «ሙዚቃ ለ18 ተጫዋቾች» (1976) አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መግቢያው ላይ 11 ኮርዶች (አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) በተራ ያልፋሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ኮርድ የራሱን ክፍል ያገኛል። ለውጡ ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሠላሳ ሴኮንድ ብቻ የሰማ ሰው «ያው ነው» ቢል አይፈረድበትም። ስልኩን ወዲያ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙት።